ለመስቀለኛ ጥልፍ የክር ቀለም አመራረጥ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚጠልፉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምንመልሰው ቀዳዳው በሚቆጠር ጨርቅ ላይ ሁለት ሰያፍ መስመር እያሻገሩ ስለሚጠልፉት ሥራ ብቻ ነው። የክር ቁጥር ስንጠቅስ የዲኤምሲን ቁጥር ማለታችን ነው። ፋብሪካው በዛሬዋ ፈረንሳይ በሙሉዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1746 የተጀመረ ሲሆን ክሮቹ 500 ያህል ቀለም አላቸው፤ አብዛኛው ንድፍም የሚጽፈው የእሱን ቁጥር ነው። በእጅዎ ያለው የሌላ ፋብሪካ ክር ከሆነ ቁጥሩን ትተው የቀለሙን ገለጻ ይከተሉ።

ክር ከመግዛቴ በፊት ምን ልወስን?

ጨርቁን። ብዙ ሰው ክሩን ቀድሞ ይገዛና በኋላ ጨርቅ ይፈልጋል፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ዓይነት ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ጠቆር ብሎ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ፈካ ብሎ ይታያል። ክሬም ጨርቅ ላይ ንጹሕ ነጭ ክር ከጨርቁ ጎልቶ ይወጣል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ግን ያው ክር ይጠፋል።

ከዚያ የጨርቁን ቁጥር ይወቁ። 14 ቁጥር አይዳ (ቀዳዳው የሚቆጠር የጥልፍ ጨርቅ) ማለት በ2.54 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 14 ቤት፣ ማለትም አንድ ስፌት የሚያርፍበት ካሬ፣ ያለው ማለት ነው፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር 5.5 ቤት ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ ያልተጻፈበት ጨርቅ ከገዙ ማስመሪያ ይዘው በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ቤቶች ይቁጠሩ። 43 አካባቢ ከሆነ 11 ቁጥር፣ 55 ከሆነ 14፣ 63 ከሆነ 16፣ 71 ከሆነ 18 ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ሥራው የት እንደሚውል ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራና በየሳምንቱ የሚታጠብ የረከቦት ልብስ አንድ ዓይነት ቀለም አይመረጥላቸውም።

ክሮቹ በእጄ ሲያምሩ ተጠልፈው ሲያልቁ ለምን ይደበላለቃሉ?

በዚህ ገጽ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ቀለም ስንመርጥ ዓይናችን ስሙን ያያል፦ ይህ ቀይ፣ ያ አረንጓዴ እንላለን። ከሁለት ሜትር ርቀት ቅርጹን የሚለየው ግን የቀለሙ ስም አይደለም፤ አንዱ ክር ከሌላው ምን ያህል ጠቆር ወይም ፈካ ማለቱ ነው። እኩል የጠቆሩ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲጠለፉ፣ ስማቸው ምንም ያህል ቢለያይ፣ ድንበራቸው ይጠፋል።

ማስረጃው ከደጃችን አለ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበትን ጥለት ያስታውሱ። 700 ቁጥር አረንጓዴና 321 ቁጥር ቀይ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታዩ እጅግ የተቀራረቡ ግራጫዎች ናቸው። መካከላቸው 973 ቁጥር ቢጫ ሲገባ ግን ሁለቱም ወዲያው ይለያሉ፤ ቢጫው ከሁለቱም በብዙ እጥፍ የፈካ ነውና። ቢጫውን አውጥተው አረንጓዴውንና ቀዩን ቢያጋጥሙ ከሩቅ አንድ የጠቆረ ጠርዝ ብቻ ያያሉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያዳግተው ሰው ደግሞ ከቅርብም ላያየው ይችላል።

ክር ሲመርጡ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ከነጭ ካርቶን 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ።
2. እያንዳንዱን ክር 5 ወይም 6 ጊዜ ይጠምጥሙበት። ቅደም ተከተሉ በንድፉ ላይ እንደሚጎራበቱት ይሁን፤ ሰማዩ ከተራራው፣ ተራራው ከውኃው ጎን።
3. ካርቶኑን በሚጠልፉበት ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ሁለት ሜትር ይራቁ።
4. በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት። የተዋሃዱ ጎረቤታሞች ካሉ አንደኛውን ሁለት ደረጃ ያፍኩት ወይም ያጥቁሩት።
5. በጨርቁ ጠርዝ ላይ ከእያንዳንዱ ቀለም 5 በ5 ቤት ይጥለፉ። በ14 ቁጥር ጨርቅ ይህ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የሚፈጀው ክርም ከአንድ ክንድ አያልፍም።

አምስተኛውን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ አይዝለሉት። በጥቅሉ ያለ ክር ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚታሰር ጠልቆ ይታያል። ሲጠለፍ ግን ጨርቁ በመሐል ስለሚታይ ይፈካል። በተለይ ክሬም፣ ሐመር ሮዝና ፈዛዛ ሰማያዊ በነጭ ጨርቅ ላይ ከጠበቁት በላይ ይነጣሉ።

ገበያ ውስጥ የመረጥኩት ቀለም ቤት ስደርስ ለምን ይለወጣል?

ከላይ የተወጠረው ሸራ ነው። በሰማያዊ ላስቲክ ሥር ቢጫው አረንጓዴ ይመስላል፤ በብርቱካናማ ሸራ ሥር ነጩና ክሬሙ አይለዩም። ባለሱቁን አስፈቅደው ክሩን ወደ ደጅ ያውጡና ጥላ ውስጥ ይዩት፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ደግሞ ሁሉንም ያነጣል። ምቹው ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ነው። ወደ ማታ የፀሐዩ ብርሃን ስለሚቀላ ቡና ዓይነቱና ቀዩ ይሞቃሉ፣ ሰማያዊው ይደበዝዛል። በክረምት ደመናው ከባድ ነው፣ ብርሃኑ ግን እኩል ስለሚሰራጭ ለንጽጽር መጥፎ አይደለም። የሚሠሩበትን ጨርቅ ቁራጭ በቦርሳ ይዘው ይሂዱ፤ ክሩን ከጨርቁ ጋር እንጂ ከእጅዎ ጋር አያነጻጽሩ።

ቁጥር የሌለው የገበያ ክር መጠቀም እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግን ሦስት ነገር ያረጋግጡ። መጀመሪያ የጥልፍ ክር መሆኑን። የጥልፍ ክር ሲፈታ 6 ቀጫጭን ዘለላ ይወጣዋል። የልብስ መስፊያ ክር እንዲህ ወደ ዘለላ አይከፈልም፣ ቀጭንም ስለሆነ ቤቱን አይሞላም። ሁለተኛ፣ ቀለሙ እንደማይለቅ (ፈተናው ከታች አለ)። ሦስተኛ፣ ለሥራው በሙሉ የሚበቃ መኖሩን። ቁጥር የሌለውን ክር ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው ሲፈልጉ ትክክለኛውን ማግኘት ዕድል ነው። ቁጥር ያለው ክር እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተነከረ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ለጀርባ የሚሆነውን ቀለም ስለዚህ አንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ይግዙ።

ክሩ መሐል ላይ ካለቀና አዲሱ ትንሽ ከለየ፣ አዲሱን በአንድ ወጥ ሜዳ መካከል አይጀምሩ። በቅርጽ ድንበር ላይ ይጀምሩት፤ ድንበር ከሌለ ከአሮጌው አንድ ዘለላ፣ ከአዲሱ አንድ ዘለላ በአንድ መርፌ አድርገው 4 ወይም 5 ረድፍ ይጥለፉና ከዚያ ወደ አዲሱ ይሻገሩ። ዓይን ሽግግሩን አይይዘውም።

ስንት ጥቅል ክር ልግዛ?

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ ጥቅል 8 ሜትር ነው፤ 6 ዘለላ ስላለው ሲፈታ 48 ሜትር ይሆናል። በ14 ቁጥር ጨርቅ አንድ ቤት 1.8 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሙሉ ስፌት ከፊት ሁለት ሰያፍ (5.1 ሚሊ ሜትር)፣ ከኋላ ሁለት ቀጥታ (3.6 ሚሊ ሜትር) ይፈጃል፤ በጠቅላላ 8.7 ገደማ። በሁለት ዘለላ ሲጠለፍ 17.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 48 ሜትሩ ለዚህ ሲካፈል 2,700 ስፌት ይወጣዋል። ነገር ግን መነሻና መድረሻው ላይ የሚቆረጠው፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚዘለለውና የሚፈታው ስሕተት ሲሶውን ይበላል። ስለዚህ በአንድ ጥቅል 1,800 ስፌት ብለው ያስቡ።

ለምሳሌ 60 በ60 ቤት የሆነ ሰማያዊ ጀርባ 3,600 ስፌት ነው፤ ሁለት ጥቅል ልክ ልኩን ስለሚሆን ሦስት ይግዙ። በ11 ቁጥር ጨርቅ ሦስት ዘለላ ስለሚገባና ቤቱም ስለሚሰፋ አንድ ጥቅል 900 ስፌት ያህል ብቻ ይሠራል። በ16 ቁጥር ሁለት ዘለላ፣ በ18 ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ዘለላ ይበቃል። ክሩን ሲቆርጡ ከአንድ ክንድ አያስረዝሙት፤ የረዘመ ክር በየቀዳዳው ሲያልፍ ይፋቅና ብርሃኑን ያጣል፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው የደበዘዘ ይሆናል። ብዙ ሰው «የክሩ ቀለም ተለወጠ» የሚለው ይህንን ነው።

ስልኬ ፎቶዬን ወደ ንድፍ ሲቀይረው 60 ቀለም ጠየቀኝ። ሁሉንም ልግዛ?

አይግዙ። ፕሮግራሙ የፎቶውን ጥላና ብናኝ ሁሉ ለየብቻው ቀለም ይሰጠዋል፤ ውጤቱም አንድ አንድ ስፌት የተበተነበት፣ በየደቂቃው መርፌ የሚያስቀይር ሥራ ነው። በቤት ሥራና በልጆች መካከል በትርፍ ሰዓት ለሚጠልፍ ሰው እንዲህ ያለው ንድፍ ተጀምሮ የሚቀር ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የቀለሙን ብዛት ወደ 15 ዝቅ ያድርጉ። ከ20 ስፌት በታች የሚጠለፍበትን ቀለም በሙሉ ይሰርዙና ቅርብ ወደሆነው ያዛውሩ። ዓይንን፣ የወፍ ምንቃርን፣ የአበባ መሐልን ግን ይተዉ፤ እነዚህ ሁለት ስፌት ቢሆኑም ሥዕሉን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

እንደ እኛ አስተያየት 10 ሳንቲ ሜትር ለሚያህል ሥራ ከ5 እስከ 8 ቀለም፣ ለትራስ ልብስ ከ8 እስከ 12 ይበቃል።

ጣናን መጥለፍ እፈልጋለሁ። ውኃው ምን ዓይነት ሰማያዊ ነው?

ሰማያዊ ባይሉት ይሻላል። የባሕር ሥዕል አይተን ስለለመድን እጃችን ወደ 798 ይሄዳል፤ የሚወጣው ግን ጣና ሳይሆን የውቅያኖስ ፖስትካርድ ነው። በጠዋት ውኃው አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ነው፦ 928፣ 927፣ 926 እና 3768 ከፈካው ወደ ጠቆረው በቅደም ተከተል ይሄዱለታል። ፈካ ያለውን ከአድማሱ አጠገብ፣ ጠቆር ያለውን ወደ ተመልካቹ ያድርጉ። በክረምት ወንዞቹ ደለል ሲያወርዱ ውኃው ቡናማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ 842፣ 841 እና 840 ይጠቀሙ፣ ከሰማዩ ነጸብራቅ ጥቂት 927 ጣል ያድርጉበት። ፀሐይ ስትጠልቅ 3855፣ 3854 እና 3853 የሚባሉት ወርቃማ ቀለሞች በአግድም መስመር መስመር ሆነው በ926 መካከል ይገባሉ። ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ካደረጉት ውኃ መሆኑ ይቀራል።

ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ቀለሙ የደረቀ ሣር ነው። ከፈካው ጀምሮ 422፣ 3828፣ 420 እና 869 ይውሰዱ። ፀሐይ የሚመታው የላይኛው ጠርዝ 422፣ ውኃ የሚነካው ሆዱ 869 ይሁን። የደንገሉን እስር የሚያሳየው መስመር በአንድ ዘለላ 869 ከዳር ዳር ይሰፋል። ያልታጨደ ደንገል ሲጠልፉ 3348፣ 3347 እና 3346 አረንጓዴዎች አሉ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ጭራ መሳይ በ3348 ብቻ ይሥሩት፣ ካልሆነ ከግንዱ ጋር ይጋጫል።

ሻላ ነጭ ወፍ በመሆኑ ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቸግራል። አካሉን በነጭ ክር፣ ከክንፉ ሥር ያለውን ጥላ በ762 እና በ415፣ ምንቃሩን በ743 ያድርጉ፤ ከኋላው ያለውን ውኃ ግን የግድ መጥለፍ አለብዎ። ጀርባው ባዶ ነጭ ከቀረ የሚታየው ምንቃር ብቻ ነው።

እምቦጭን መጥለፍ የሚፈልጉም አሉ። ለሐይቁ ጠላት ቢሆንም አበባው ለጥልፍ ያምራል። ለአበባው ቅጠሎች 211፣ 210፣ 209 ሐመር ወይን ጠጅ ይጠቀሙ። የላይኛው የአበባ ቅጠል መሐል ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለችው፤ አንድ ስፌት 743 ያስቀምጡ። ያቺ አንዲት ስፌት ከሌለች አበባው የትኛውም ወይን ጠጅ አበባ ሊሆን ይችላል።

አደይ አበባ ነጭ ጨርቅ ላይ አልታይ አለኝ።

ቢጫና ነጭ ሁለቱም ፈካ ያሉ ስለሆኑ ነው። ቅጠሉን በ973 እና በ972 ጠልፈው መሐሉን በ782 ያድርጉ፤ ከዚያ ከአበባው ኋላ የ3346 አረንጓዴ ይሙሉ። ጀርባ መሙላት ካልፈለጉ ዙሪያውን በአንድ ዘለላ 782 ይክበቡት። በጥቁር አይክበቡት፣ አበባውን ያከብደዋል።

የሰው ፊት ስጠልፍ ንድፉ የሚሰጠኝ ቀለም እኛን አይመስልም። ምን ልተካ?

ከውጭ የሚመጣው ንድፍ «የቆዳ ቀለም» ሲል በአብዛኛው ሐመር ሮዝ ማለቱ ነው። ሦስቱን ደረጃ (ብርሃን፣ መካከለኛ፣ ጥላ) እንዳሉ ይጠብቁና ሦስቱንም አብረው ያውርዷቸው። ለቀይ ዳማ 437፣ 435 እና 433፤ ለጠይም 435፣ 433 እና 801፤ ለጥቁር 433፣ 801 እና 938። አንዱን ብቻ ቀይረው ሁለቱን ከተዉ ፊቱ የቆሸሸ ይመስላል። የዓይንና የአፍንጫ መስመር በ310 ጥቁር ሳይሆን በ3371 ጥቁር ቡና ቢሆን ይለሰልሳል፤ ለጥቁር ፊት ግን 310 ያስፈልጋል፣ 3371 ከ938 አይለይምና።

አለባበሱ ነጭ ሸማ ከሆነ ነጩን ብቻ አይሙሉ። እጥፋቶቹን በ762፣ ጥልቅ እጥፋቱን በ415 ያሳዩ፤ ሞቅ ያለ ፈትል የሚመስል ነጭ ከፈለጉ 712 ክሬምና 822 ይሻላሉ።

በገዳማቱ ግድግዳ ላይ እንዳሉት ሥዕሎች ማድረግ ይቻላል?

ከማንኛውም ፎቶ ይልቅ ለመስቀለኛ ጥልፍ የሚመቸው ይህ አሣሣል ነው። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ሰፊ ሜዳ ሆኖ ይቀባና ቅርጹ በጠቆረ መስመር ይለያል። ጥልፍም የሚችለው ይህንኑ ነው። ልብሱን በአንድ ወጥ 498 ወይም 815 ቀይ፣ ጀርባውን በ744 ወይም በ743 ቢጫ ይሙሉ፣ ሰማያዊውን በ797 ያድርጉ። ከዚያ የልብሱን እጥፋት በአንድ ወይም በሁለት ዘለላ 3371 በመስመር ብቻ ይሳሉ። 666 ቁጥር ደማቅ ቀይ እዚህ አይመከርም፤ ከሌሎቹ ጎልቶ ዓይን ይወጋል።

ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸውና ቢያንስ በ4 ቤት ስፋት ያቅዱ፤ በ2 ቤት ዓይን የሚባል አይወጣም። እንዲህ ያለውን ሥራ ለግድግዳ ያውሉት፣ ለመቀመጫ ልብስ አይሆንም።

ቀዩ ክር ነጩን ጨርቅ አበላሸብኝ። እንዴት አስቀድሜ ልወቅ?

ቀለሙ ከክሩ ጋር በደንብ ያልተያያዘ ትርፍ ቀለም ሲኖር ውኃ ይዞት ይወጣል። ቀይ፣ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ወይን ጠጅ ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ከመጥለፍዎ በፊት፦

- ከክሩ 20 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ።
- አውጥተው በነጭ የጥጥ ጨርቅ መካከል ያስገቡ፣ ከላይ ከባድ ነገር ይጫኑበትና እስኪደርቅ ይተዉት።
- ነጩ ጨርቅ ላይ አሻራ ካለ ጥቅሉን ሳይፈቱ፣ ወረቀቱን ብቻ አውጥተው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ያለቅልቁት፤ አድርቀው እንደገና ይፈትኑ።
- ሁለተኛውንም ጊዜ ከለቀቀ ለሚታጠብ ሥራ አይጠቀሙበት።

ጨው ወይም ኮምጣጤ ይይዘዋል የሚለው ምክር አስተማማኝ አይደለም፤ ፈተናውን አይተካም። ሥራው ካለቀ በኋላ ሲታጠብ ከለቀቀ ዋናው ነገር እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ያድርጉት፣ ነጩ እስኪጠራ ድረስ ሳያቋርጡ ያለቅልቁ። አይጭመቁት፣ አይጠምዝዙት፣ እድፉ ሳይወጣ ካውያ አያስነኩት፤ ሙቀት ቀለሙን ያጸናዋል። በረኪና ፈጽሞ አይንካው፤ እድፉን ብቻ ሳይሆን የክሩንም ቀለም ይበላል።

የሚፈለገው ቁጥር ከተማ ውስጥ ከጠፋ?

ሁለት መንገድ አለ። ቅርብ ከሆነው ቀለም ሲተኩ የጠቆር-ፈካ ደረጃው ተመሳሳይ ይሁን እንጂ የቀለሙ ዘር ትንሽ ቢለይ ግድ የለም። 434 ቢጠፋ 435ን ወይም 433ን ከመውሰድዎ በፊት ሁለቱ በዚያው ንድፍ ውስጥ እንደሌሉ ያረጋግጡ፤ ካሉ ሁለት ደረጃ አንድ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ ማደባለቅ ነው፦ አንድ ዘለላ 433 እና አንድ ዘለላ 435 በአንድ መርፌ ቢገቡ የ434 ቦታ ይሸፍናሉ። ከቅርብ ትንሽ ዝንጉርጉር ይላል፤ ለፀጉር፣ ለአፈርና ለታንኳ ጥሩ ነው፣ ለፊት አይሆንም።

ማታ ማታ ብቻ ነው ጊዜ የማገኘው። መብራትም ይጠፋል።

ቀለም የሚለየውን ሥራ ቀን ያጠናቅቁ። ካርቶን ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም ቀዳዳ ይብሱ፣ ክሩን አስረው ከጎኑ ቁጥሩንና የንድፉን ምልክት በእስክሪብቶ ይጻፉ። 6 ወይም 8 መርፌ ገዝተው ለማታው የሚበቃውን ክር በቀን ብርሃን ያስገቡና በየቀዳዳው አጠገብ ይሰኩ። በሻማ ብርሃን ነጭና ፈዛዛ ቢጫ አንድ ይመስላሉ፤ ጥልቅ ሰማያዊና ጥቁርም እንዲሁ። 797ን ከ310 ጋር የቀላቀለ ሰው ስሕተቱን የሚያየው በማግስቱ ነው፣ መፍታቱ ደግሞ ከመጥለፉ ይብሳል። ለማታ አንድ ወጥ ጀርባ መሙላትን ያቆዩ፤ ለመሳሳት ቦታ የለውም።

በጥቁር ጨርቅ ላይ ማታ መሥራት ካለብዎ ነጭ ፎጣ ጭንዎ ላይ ያንጥፉ። ቀዳዳዎቹ ከሥር ይበራሉ። ፈካ ያለ ክርም በጥቁር ጨርቅ ላይ በሁለት ዘለላ ጨርቁን ስለሚያሳይ ወደ ሦስት ያሳድጉት።

ለረከቦትና ለመሶብ የሚሆን ልብስ ምን ዓይነት ቀለም ይሻለዋል?

ቡና የሚፈስበት ልብስ ከቡና ጋር የተስማማ ይሁን። ክሬም ጨርቅ ላይ 938፣ 433፣ 435 እና 738 ከአንድ ሞቅ ያለ ቀይ (498) ጋር ተደርገው እድፍ ቢቀርባቸውም አያሳጡም። ለመሶብ ልብስ እርድና ቅቤ ያስቡ፤ የእርድ ቢጫ ከነጭ ጨርቅ በቀላሉ አይለቅም፣ ስለዚህ ጠርዙን በ972 እና በ742 ይጥለፉት። ሐመር ሰማያዊና ነጭ ለዚህ ሥራ አይመረጡም።

ከመጥለፍዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ቅባት ከተቀቡም ይደርቅ። ከሰልና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ክሩ ተገልጦ አይደር፤ ጭሱ ፈካ ያሉትን ክሮች ቀስ በቀስ ያደበዝዛቸዋል። ክዳን ያለው የብስኩት ቆርቆሮ በቂ ነው።

ነጠላ ላይ መስቀለኛ ጥልፍ ይሠራል?

በቀጥታ አይሆንም፤ ድሩና ማጉ እኩል ስላልሆነ ስፌቱ ይንጋደዳል። ቤቱ የሚቆጠር ጨርቅ በላዩ ላይ ተወስውሶ ይጠለፍና ሲያልቅ የዚያ ጨርቅ ክር አንድ በአንድ ይመዘዛል።

ወርቀ ዘቦ ልጨምርበት?

በጥቂቱ፣ ለመስቀል ጫፍና ለአክሊል። አጭር አድርገው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እየቆረጡ ይጠቀሙ፤ ሲረዝም ይበጣጠሳል። ከላይ ጨርቅ ሳያደርጉ አይተኩሱት። ከሥሩ 782 ወይም 783 አድርገው በላዩ ላይ አንድ ሰያፍ ብቻ ቢያሻግሩት ክሩን ይቆጥባል፣ ብልጭታውም አይበዛም።

ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ደበዘዘ።

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋም ብርቱ ነች። በመስኮት በኩል በቀጥታ የሚያርፍ ጨረር የትኛውንም ክር ያነጣል፣ መስታወት ብቻውን አያድነውም። ጠዋትም ከሰዓትም ፀሐይ የማይደርስበትን ግድግዳ ይምረጡ። ሲያጥቡትም ፎጣ ላይ ዘርግተው በጥላ ያድርቁ፤ ትንሽ እርጥበት እያለው ፊቱን ወደ ፎጣው ደፍተው ከጀርባው ይተኩሱ።

የተረፈውን ክር ምን ላድርገው?

ከአንድ ክንድ በላይ የሆነውን በካርቶን ጠምጥመው ቁጥሩን ይጻፉበት፤ ቁጥሩን ካላወቁት የሥራውን ስምና የገዙበትን ወር ይጻፉ። ከዚያ ያጠረው ለ5 በ5 ቤት ሙከራው ይበቃል፤ በአንድ ብልቃጥ ያጠራቅሙት።